በሬ ያፋታ ዘፈን

እኔ በዕድሜዬ ያላየሁት ጠብ የለም። ወንድማማቾች በድንበር ድንጋይ ሲካሰሱ አይቻለሁ። ጎረቤታሞች በአንዲት ዶሮ ተቀያይመው ለቅሶ ሲቀሩ አይቻለሁ። ሚስት አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ጺም አውጥተው የጨረሱ ሁለት ጎልማሶች ቃሉን በማያውቁት አንድ የፈረንጅ ዘፈን ምክንያት በሬ ሲለያዩ ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው። ያውም በሰኔ። ያውም ተራው የእኔ ማሳ ሲሆን።

አንደኛው ልጄ ደምሴ ነው። ሁለተኛው አሰግድ ነው፣ የልጄ የትርንጎ ባል። ቤታችን ከሞላሌ ወጣ ብሎ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ አንዳችን ቤት ወጥ ሲያር ሌላው ቤት ይሸታል። ደምሴ ዳማ የሚባል አንድ በሬ አለው። አሰግድም ቦራ የሚባል አንድ በሬ አለው። እኔ በሬ የለኝም፤ መሬት ግን አለኝ። ቀንበር ሁለት አንገት ስለሚፈልግ ሁለቱ በሬያቸውን ያቀናጁና በመጀመሪያ የደምሴን፣ ቀጥሎ የአሰግድን፣ በመጨረሻ የእኔን ያርሳሉ። ተራውን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ከራሴ ብጀምር አንድም ሰው አይናገረኝም ነበር፤ እናት ነኛ። ነገር ግን ራሱን አስቀድሞ ተራ የሚያወጣ ሰው ስለማልወድ ራሴን ከኋላ አደረግኩ። ለእውነት ብዬ የሠራሁት ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚከፍለኝ።

ማሳዬ ዝቅ ካለው ሜዳ ላይ ነው፣ ውርጭ ከሚተኛበት። ገብሱ በሰኔ መሬት ካልገባ በጥቅምት ገና እሸት ሳለ ውርጭ ይልሰዋል። በበጋ የምበላው እዚያ ማሳ ላይ ነው ያለው። እርፉን ራሴ ጨብጬ እንዳልወጣ ሴት አታርስም ይሉኛል። ለምን እንደማታርስ ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም ወደ ሰማይ አይቶ ዝናቡ ስለሚመጣበት ሰዓት ይነግረኛል። ይህን ሌላ ጊዜ እጣላበታለሁ፤ አሁን ወደ ዘፈኑ ልሂድ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚያጠና ፈረንጅ መጥቶ ነበር። ጥናቱ ከጠዋት እስከ ማታ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ማየት ነው። እኛ ጭላዳን ከገብሳችን ስናባርር ኖረን፣ እሱ ሊያያቸው ባሕር ተሻግሮ መጣ። ደምሴ ጓዙን ሲሸከምለት ከረመ። ፈረንጁ ሲሄድ የለበሰውን ካፖርት ይሰጠዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እኔም በልቤ ካፖርቱን ለማን እንደማደርገው ወስኜ ጨርሻለሁ። የሰጠው ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ነው። ሬዲዮ ላይ ስትሰካ ትዘፍናለች።

በውስጧ አንድ አልበም ብቻ አለ። ፈረንጁ አባቱ በጉብዝናቸው ዘመን ይሰሙት የነበረ፣ በአገሩ የታወቀ አሮጌ አልበም ነው ብሎታል። ዓይነቱ ፕሮግረሲቭ ሮክ ይባላል፤ ደምሴ እንዳስረዳኝ ወደ ፊት የሚራመድ ሮክ ማለት ነው። ሰማሁት። አንዳንዱ ይራመዳል፣ አንዳንዱ ባለበት ይዞራል፣ አንዱማ ዕቃ ረስቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው የመሰለኝ።

የዘፈኖቹን ስም ፈረንጁ ነግሮት ነበር፤ ደምሴ ረሳው። ስለዚህ ከአሰግድ ጋር ሆነው ራሳቸው ስም አወጡላቸው። የመጀመሪያው ጉሙ ነው፤ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ቀስ እያለ ይሸፍናል። ቀጥሎ ዋሽንቱ አለ። ከዚያ ወፍጮው ይመጣል፤ ከበሮው እንደ ናፍጣ ወፍጮ ያጓራል፣ ሲሄድም ያነክሳል፤ እግርህን ልታነሣ ስትል እሱ ቀድሞ አንሥቷል። ከዚያ ረጅሙ ነው። ረጅሙ ሲጀምር ድንች ብጥድ ሲያልቅ በስሎ አገኘዋለሁ። ሲዘፈን ቆይቶ ጸጥ ሲል አለቀ ብለህ ልትነሣ ነው፤ እሱ ግን ትንፋሽ እየሰበሰበ ኖሯል። የመጨረሻው መዝጊያው ነው። በወፍጮውና በረጅሙ መካከል ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ሰው አይዘፍንባትም፤ አንድ ጊታር ብቻ ነው፤ ጉሮሮህን ጠርገህ ሳትጨርስ ታልቃለች። ለእሷ ስም እንኳ አላወጡላትም። ትንሿ ያልኳት እኔ ነኝ።

ሁለቱ ሬዲዮዋን ይዘው ማረስ ጀመሩ። አንዱ ሲያርስ ሌላው ሬዲዮዋን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከኋላ ጓል ይሰብራል። ሁለት ክረምት ሙሉ ያንኑ አልበም ሰሙ። በኋላማ ቃሉን ባያውቁትም አብረው ያጉረመርሙ ጀመር። ዳማና ቦራም የለመዱት መሰለኝ፤ ሬዲዮዋ ካልተከፈተች ቀንበሩን አንቀበልም ይላሉ ይባላል። ይህን ያለው ደምሴ ስለሆነ ግማሹን ብቻ እመኑ።

ክርክሩ ሲጀመር ቀልድ ነበር። ደምሴ ከአልበሙ የሚበልጠው ረጅሙ ነው፣ በሬዎቹ ቀጥ ብለው የሚሄዱት ረጅሙ ሲዘፈን ነው ይላል። አሰግድ ደግሞ ረጅሙ ሰውንም በሬንም ያስተኛል፣ ወፍጮው ባይኖር ማሳው መሃል እንቀር ነበር ይላል። እንዲህ እየተባባሉ እህል ያስገቡ ነበርና እኔም እሰይ ብዬ ተውኳቸው። ዘንድሮ ግን በአሰግድ ማሳ የመጨረሻው ቀን ደምሴ እያረሰ፣ ወፍጮው እየተዘፈነ፣ አንዱ ትልም ተጣመመ። ደምሴ ያጣመመው የሚያነክሰው ከበሮ ነው አለ። አሰግድ ከበሮው እርፍ አልጨበጠም፣ ያጣመመው እጅህ ነው አለው። ከዚያ ረጅሙን የወደድከው እስኪያልቅ ለማረፍ ሰበብ ስለሚሆንህ ነው ብሎ ጨመረለት። የአሰግድ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወፍጮ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ደምሴ ይህን እያወቀ በወፍጮ ጩኸት ያደገ ጆሮ ከወፍጮ ሌላ ምን ሊወድ ይችላል አለ።

አሰግድ ቀንበሩን አወረደ። ቦራን ፈትቶ ወደ ቤቱ ነዳ። ደምሴም ዳማን ይዞ ሄደ። ቀንበሩ ማሳው ላይ ተጋድሞ ቀረ፤ መጀመሪያ ያነሣው እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል ብለው ሁለቱም አልነካ አሉት።

በማግስቱ ዘሬን አበጥሬ ብጠብቅ የሚመጣ የለም። ደምሴ ጋ ሄድኩ። ለአንቺ ሲሆን ነፍሴን እሰጣለሁ፣ በሬዬን ግን ከወፍጮ ወዳድ በሬ ጋር አልጠምድም አለኝ። ነፍሱን ምን አደርገዋለሁ? ነፍስ አያርስም። አሰግድ ጋ ሄድኩ። እግሬን ሊስም ጎንበስ ብሎ፣ እርስዎ ያዘዙኝን ሁሉ አደርጋለሁ፣ ደምሴ ግን ከአባቴ መቃብር ይቅርታ ይጠይቅ አለ። ትርንጎን ለብቻዋ ጠርቼ ባልሽን ምከሪው ብላት ሁለቱም እብዶች ናቸው ብላ እጄን ያዘችው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቢያንስ አንድ ጤነኛ ወልጃለሁ ብዬ ልመርቃት አፌን ስከፍት፣

«ከሁሉም የሚበልጠው ዋሽንቱ መሆኑን እንዴት ያጡታል?» አለችኝ።

ምርቃቴን ይዤ ወጣሁ።

የሰው በሬ እንዳልለምን በሰኔ ሥራ ፈቶ የቆመ በሬ የለም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከገደሉ ማዶ ከቀየት በኩል ደመናው እየጠቆረ ይመጣል፤ እኔ ያልታረሰ ማሳዬ ዳር ቆሜ እሱን አያለሁ። ሲብስብኝ የንስሐ አባቴን አባ ጥላዬን ለመንኳቸው። አባ ጥላዬ ለእኔ የልጅ ያህል ናቸው፤ እሳቸው ግን ልጄ ይሉኛል፣ እኔም አባ እላለሁ፣ ሥርዓቱ ነውና። ዜማም ያስተምራሉ፤ እንግዲህ ከእሳቸው የተሻለ ጆሮ ያለው ዳኛ ከየት ይመጣል ብዬ ነው። የመንደሩን አዛውንት አያ ሽብሩን ጨመሩና ሽማግሌዎቹ ሁለት ሆኑ። እርፍ በማይጨበጥበት ቀን፣ በሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ አሰግድ ማሳ ላይ እንገናኝ ተባለ። የተጣመመው ትልም እዚያ ነዋ።

አባ ጥላዬ መጀመሪያ ተከራከሩኝ። ጾም ነው፣ በሐዋርያት ጾም ዘፈን አላዳምጥም አሉ። አባ፣ ቃሉን እኮ ማናችንም አናውቀውም አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና ቃሉ ካልታወቀ ዘፈን ሳይሆን ድምፅ ነው፣ ድምፅ ደግሞ ወፍም አለው ብለው ተስማሙ።

ምርመራው እንዲህ ሆነ። ደምሴ ሬዲዮዋን ይዞ ወፍጮውን ከፈተ። አሰግድ በሬ መስሎ በበሬ እርምጃ ትልሙን ይዞ ሄደ፤ ትልሙ ሲጣመም ከበሮው የት ላይ እንደ ነበረ ለማየት ነው። አባ ጥላዬ ጥላቸውን ዘርግተው፣ አያ ሽብሩ በትራቸውን እየተከሉ ከኋላ ይከተላሉ። እየቆሙ ወደ መሬት ያሳያሉ፣ እየተመለሱ እንደገና ይረግጣሉ።

በዚያው ሰዓት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወደየቤቱ እየተመለሰ ነበር። ቄስና ሽማግሌ በማሳ ላይ እየተራመዱ ወደ መሬት ሲጠቁሙ በሩቁ ያየ ሰው ምን ይላል? መሬት እየተለካ ነው አለ። ወሬው ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል እስኪመለስ ትልሙን አንድ ጊዜ እንኳ አልጨረስነውም። አንዱ የድንበር ድንጋዩን ሊጠብቅ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አንዷ ባለቤቴ ሞላሌ ስለሄደ እስኪመጣ አትለኩ ብላ ከአባ ጥላዬ እግር ሥር ወደቀች። ለመሬት ሳይሆን ለዘፈን ነው ብላቸው ጭራሽ ሊደብቁን ነው ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ሬዲዮዋን ከፍ አድርገን ስናሰማቸው ነው ያመኑት። አምነውም አልሄዱም። ከማሳው ዳር ተቀምጠው ያዳምጡ ጀመር።

ሽማግሌዎቹ ፍርድ ሊሰጡ ሲሰበሰቡ እኔ ተነሣሁ። ሁለቱን ዘፈኖች ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ አልቀበልም፤ አልበሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዱም ሳይዘለል ይሰማ አልኩ። ሁሉም ጠላኝ፤ ግን ተሰማ።

አባ ጥላዬ ጉሙ ሲጀምር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆይተው መቋሚያቸው በራሱ ፈቃድ ይመስል መወዛወዝ ጀመረ። እዚህ ላይ የዕዝል ዜማ ይሸተኛል፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ትርፍ ነው አሉ። አያ ሽብሩ በረጅሙ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ መዝጊያው እየተዘፈነ ነበርና የሚበልጠው እሱ ነው ብለው በእርግጠኝነት ተናገሩ፤ የሰሙት እሱን ብቻ ነው። አባ ጥላዬ፣ አያ ሽብሩ ተኝተው ነበር አሉ። አያ ሽብሩ፣ ቄስ በጾም ዘፈን እያዳመጠ ሰው ተኛ ብሎ ይከሳል ወይ አሉ። አስታራቂዎቼን የሚያስታርቅ ሌላ ሽማግሌ ልፈልግ ነው ብዬ ራሴን ያዝኩ።

በዚህ መሃል ነው ከማሳው ዳር አንድ ሰው ለምን እናቲቱ አይፈርዱም ያለው። ደምሴ ቶሎ ተስማማ፤ እናቱ ነኛ። አሰግድም ቶሎ ተስማማ፤ ለልጇ አደላች እንዳይሏት ስትል ለእኔ ትፈርዳለች ብሎ ነው። የሁለቱም ገባኝ፣ ሁለቱም አናደዱኝ። የፈረድኩትን እንደሚቀበሉ፣ ቀንበሩንም አብረው እንደሚያነሡ በአባ ጥላዬ መስቀል ፊት ቃል አስገባኋቸውና አልበሙን እንደገና ከፈትኩ። እንደማልቀልድ ያወቁት ያኔ ነው።

ወፍጮው አልቆ ትንሿ ስትጀምር የአሰግድ ጣት እንደ ልማዱ ልታዘልላት ተነሣች። እጁን መታሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እስከዚያ ድረስ ደህና አድርጌ አልሰማኋትም ነበር። ሌሎቹ ሁሉ ስሙኝ፣ እዩኝ፣ ይህንንም እችላለሁ፣ ያንንም እችላለሁ ይላሉ። ትንሿ ምንም አትልም። ሰው መንገድ ላይ ብቻውን ሲሆን፣ የሚሰማው እንደሌለ ሲያውቅ ለራሱ እንደሚያንጎራጉረው ናት። ወጣች፣ ትንሽ አመነታች፣ ወረደች፣ በቃ። ሟቹ ባለቤቴ ከብት ሲያገባ እንዲህ ያንጎራጉር ነበር። ስጠጋው ዝም ይላል። አንድም ቀን እንደምሰማው አልነገርኩትም።

እስከ መዝጊያው ድረስ ሰምቼ ስጨርስ ተነሣሁ።

«ከአልበሙ የምትበልጠው ትንሿ ናት» አልኩ።

 አያ ሽብሩ የትኛዋ ናት ብለው አጠገባቸው ያለውን ሰው ጠየቁ። ደምሴ አየኝ፣ ወደ አሰግድ ዞረ፣ ተመልሶ አየኝ።

«እማዬ፣ እሷ እኮ ዘፈን አይደለችም። ጊታሩን ሲቃኝ ነው።»

«እውነቱን ነው» አለ አሰግድ። «እሷ ማረፊያ ናት፣ እማማ። ወፍጮው ሲያልቅ ሰው ትንፋሽ እንዲሰበስብ ነው ያስገቧት።»

«ረጅሙ እንዳያስደነግጥ» አለ ደምሴ።

«ልክ ነህ፣ እንዳያስደነግጥ።»

ከቀናት በኋላ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው። እናቴ ጆሮዋ ደክሟል ይላል አንዱ፤ አይ፣ ከድሮም ዜማ አይሆንላትም፣ በሰርግ ላይ ስታጨበጭብ አላየሃትም ወይ ይላል ሌላው። እኔን እያሙ ጎን ለጎን ሄዱ። ቀንበሩ ጋ ሲደርሱ ሐሜቱን ሳያቋርጡ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ይዘው አነሡት። መንገድ ላይም ደምሴ ስለ አባትህ የተናገርኩትን ይቅር በለኝ ማለቱን በኋላ ከትርንጎ ሰማሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዳማና ቦራ ማሳዬ ላይ ነበሩ።

መንደሩ አመሰገነኝ። እንዴት ያለ ዘዴ ነው፣ ማንም ያላሰባትን ጠርታ ሁለቱን በራሷ ላይ አስተባበረቻቸው አሉ። አባ ጥላዬ ሳይቀሩ እያለፉ ሳለ ቆም ብለው፣ ልጄ፣ ጥበቡን ገልጦልሽ ነው አሉኝ። አባ፣ ጥበብ አይደለም፣ ከልቤ ነው የፈረድኩት፣ ትንሿ ትበልጣለች አልኳቸው። ፈገግ ብለው ጥላቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። እንዲህ ዓይነት በደል ደርሶብኝ አያውቅም። ውሸት ተናግራ ሐቀኛ የተባለች ሴት ብዙ አለች፤ እውነት ተናግራ በብልጠቷ የተመሰገነችው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ይህንን እያብሰለሰልኩ ማሳዬ ዳር ቆሜያለሁ። ዘሩ ተበትኗል፣ አሰግድ እያረሰ አፈር ያለብሰዋል፣ ደምሴ ሬዲዮዋን ይዞ ይከተላል። ከቀየት በኩል ደመናው ተነሥቷል። ወፍጮው አለቀ። ወዲያው ረጅሙ ጀመረ።

ዘለሏት። በእኔ ማሳ ላይ፣ በተፈረደላት በማግስቱ።

ሄጄ በሬዎቹ ፊት ቆምኩ።

«እማዬ፣ ዝናቡ መጣ!» አለ ደምሴ።

«ይምጣ። የዘለላችኋትን መልሱ።»

«እማማ፣ ዘሩን ውኃ ሊወስደው ነው» አለ አሰግድ።

«ዘሩ የእኔ ነው። መልሱ።»

መለሷት። ካፊያው ጀምሮ ነበርና ደምሴ ሬዲዮዋን በጋቢው ጥግ ሸፈናት። ሦስታችንም፣ ሁለቱ በሬዎችም ቆመን ሰማን። ጉሮሯችንን ሳንጠርግ አለቀች። አሰግድ ጅራፉን ሲያነሣ ገና ነው አልኩት። ረጅሙ ድንች እስኪበስል ሲሰማ፣ እሷ እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የምትባረርበት ምክንያት የለም፤ እኩል ጊዜ ታግኝ። እየመላለሳችሁ አሰሟት አልኳቸው። ማሳዬን አየሁት፣ ሰማዩን አየሁት። ቃሌን ግን አላጠፍኩም።

ደጋገሟት። መጀመሪያ ተነጫነጩ።  ቆይቶ የደምሴ አንገት ዘመም አለ፤ አሰግድም ጅራፉን መሬት ላይ አስደገፈው። ልቤ ሞቀ። ፈረዱላት ብዬ ላለቅስ ደረስኩ።

«የምታመነታበት ቦታ አለች አይደል፣ መሃሏ ላይ» አለ አሰግድ ቀስ ብሎ። «እሷ ቦታ ከሁሉም ትበልጣለች።»

«የለም» አለ ደምሴ። «መውረጃዋ ነው የሚበልጠው።»

አሰግድ ዞሮ አየው።

«መውረጃዋን ማንም ይወዳል» አለው።

«ማንም ማለት?» አለ ደምሴ።

የአሰግድ እጅ ቦራን ሊፈታ ወደ ቀንበሩ ሄደ። እኔ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልጠበቅኩም። ሬዲዮዋን ከነጩኸቷ ከደምሴ አንገት ነጠቅኩ፣ ሚሞሪዋን ነቅዬ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩ።

«እረሱ» አልኳቸው።